በረዶው ሐይቁን የለቀቀበት ቀን

ሳህኖቹ አሥራ አንድ ነበሩ። የፔንሮዝ ሐይቅ ሰው ለሐዘንተኛ ምግብ ሲያመጣ ከሳህኑ ግርጌ ስሙን በፕላስተር ላይ ጽፎ ይለጥፋል፤ ያበላል፣ ያስተዛዝናል፣ ሳህኑን ግን አይረሳም። አርዲስ ሃስኪንስ ከመጣላት ምግብ ግማሹን በላች፣ ግማሹን ደፋች፣ ሳህኖቹን አጥባ በባሏ ወንበር ላይ ደረደረቻቸው። የአንዱ ፕላስተር በእጥበት ተልጦ ጠፋ፤ የማን እንደሆነ አላወቀችም። ሁለት ወር ከምናምን እዚያው ተቀመጡ። ለመመለስ ስንፍና ይዟት ብቻ አይደለም። ሳህኖቹ እዚያ እስካሉ ድረስ የመጣ እንግዳ ሁሉ የዌንደል ወንበር ላይ ዘፍ አይልም።

በጁን መጨረሻ ጆስሊን ፕራት መጣች። ጆስሊን የሐይቁ የበጋ ክበብ የፕሮግራም ኃላፊ ናት። ስልሳ ዓመት አልፏታል፣ በክበቡ ግን ገና እንደ ልጅ ነው የምትቆጠረው። ስለዚህ ወንበር የምትዘረጋውም፣ ተናጋሪ የምትለምነውም፣ ኦገስት ላይ ለሚታየው የሙዚቃ ድራማ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ወጣት አፍቃሪ ሆኖ እንዲዘፍን የምታግባባውም እሷ ናት። ቢጫውን የክበቡን ፕሮግራም ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ስሙን ልናወጣው አልቻልንም፣ አርዲስ። የታተመው ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ሁለት መቶ ቅጂ።»

አርዲስ ወረቀቱን ተቀበለቻት። የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ እሑድ ጁላይ 6፣ የክበቡ መክፈቻ፤ የሐይቁ ሪፖርት፣ በዌንደል ሃስኪንስ። ከሱ ሥር በዳኑብ ወንዝ ላይ ስላደረጉት የስምንት ቀን ጉዞ ባልና ሚስት በፎቶ አስደግፈው ያወራሉ። ከዚያ ፒያኖ። ከዚያ እራት፤ ሁሉም የየቤቱን ይዞ ይመጣል።

«ይሁን» አለች አርዲስ።

«ሕጉን ደግሞ ታውቂዋለሽ። እኔ አላወጣሁትም።»

ሕጉ የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ የታተመ ፕሮግራም አይሰረዝም። ስሙ የተጻፈው ሰው ካልቻለ ከቤቱ የተገኘ ሰው ይተካዋል። አንድ ዓመት የጥርስ ሐኪሙ ሲታመም ሚስቱ ስለ ድድ በሽታ አርባ ደቂቃ አስተምራለች። የተኛ ነበር፣ ያቋረጣት ግን የለም።

«አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አለች ጆስሊን። «ቀኑን ብቻ ነው የምታነቢው። ቀኑ አለሽ አይደል?»

«አለ» አለች አርዲስ።

ለምን እንዳለች አታውቅም። ደክሟት ነበር። ኤፕሪል ካለፈ ወዲህ «አዎ» ማለት «አይ» ከማለት ይቀላት ነበር፤ «አይ» ያልሽ እንደሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ለምን ይልሻል።

«ተመስገን» አለች ጆስሊን፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋም ቀጠለች። «እንግዲህ ሚስጥር አይደለም፣ ልንገርሽ። ሰሌዳ አሠርተናል። ለሱ መታሰቢያ። ከጥድ እንጨት ነው፣ ከ1923 ጀምሮ በረዶው የለቀቀበት ቀን ሁሉ በነጭ ቀለም ተጽፎበታል። ዘጠና ሁለት መስመር። የመጨረሻዋ ብቻ ባዶ ናት፤ አንቺ ስታነቢ ቀለም ቀቢው እዚያው ፊታችን ይጽፋታል።»

ጆስሊን ስትሄድ አርዲስ ወጥ ቤት ቆማ ቀረች። ቀኑ አልነበራትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቁ ዲሴምበር ላይ በረዶ ይጋገርበታል፣ ኤፕሪል ላይ በረዶው ይለቀዋል። የበጋዎቹ ሰዎች ይህን አያዩም፤ ሴፕቴምበር ላይ ጎጆአቸውን ቆልፈው ወደየከተማቸው ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ ውሃው እንደ ድሮው ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ምናልባትም ስላላዩት ነው ቀኑን እንዲህ የሚወዱት። ሐይቁ ያለ እነሱም መኖሩን የሚነግራቸው እሱ ብቻ ነው። ድሮ ቀኑን የሚይዙት በረዶ እየቆረጡ የሚሸጡት ቤተሰቦች ነበሩ። እነሱ ሲያልቁ፣ ከሒሳብ አስተማሪነት ጡረታ ወጥቶ ዓመቱን ሙሉ እዚህ የሰፈረው ዌንደል ተረከበ። ኤፕሪል ከገባ ጀምሮ በየጠዋቱ የክበቡ ወደብ ላይ ይቆማል፤ እስከ ወዲያኛው ዳር ድረስ አንዲት ነጭ ነገር በሩቅ ማያ መነጽር ያልታየች ዕለት፣ በቃ፣ ለቀቀ ማለት ነው። ጥቁር ደብተሩ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ቀን፣ ሰዓት፣ ነፋስ፣ ስንት ዳክዬ።

ጁላይ ላይ ሲያነብ፣ ፊት ረድፍ የሚቀመጠው ኦቲስ ብራይትማን ሁልጊዜ እጁን ያወጣል። ኦቲስ ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው፣ ጆሮው ከሄደ ቆይቷል።

«ቀደመ ወይስ ዘገየ?» ይላል።

«በሰዓቱ ነው የሄደው» ይላል ዌንደል። «የዘገየኸው አንተ ነህ።»

አዳራሹ ይስቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚችው ቀልድ ተሳቀ። አርዲስ አንዳንዴ እዚያ ተቀምጣ፣ ሰው በአንድ ቀልድ ስንት ዓመት ሊኖር ይችላል እያለች ታስብ ነበር። አሁን ገባት፤ ይቻላል።

ዘንድሮ ኤፕሪል 11 ቀን የዌንደል ልብ ተዳከመ። ከተማ ሆስፒታል ገባ። እሷም አብራው ገባች፣ አሥራ አንድ ቀን አልጋው አጠገብ ሰነበተች። በስምንተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ «ለቀቀ?» አላት።

«ገና ነው» አለችው።

የምታውቀው ነገር ኖሮ አይደለም። ካልለቀቀ ይጠብቀዋል ብላ ነው። በማግሥቱም ጠየቃት፣ «ገና ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ አልጠየቀም። ኤፕሪል 22 ቀን ሞተ። ቤቷ ስትመለስ መሽቶ ነበር። ጠዋት ተነስታ ሻይ ጣደች፣ ሰው ስልክ ደወለ፣ ሬሳ ሣጥን መረጡላት። በረዶው መሄዱን ያስተዋለችው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ማዕበሉ የወደቡን እንጨት ሲመታ ሰምታ፣ ምን ይሆን የሚያንኳኳው ብላ ስትወጣ።

ዶኒ ላፍላም ጁላይ 3 ቀን የውሃ ፓምፗን ሊጠግን መጣ። ዶኒ የአገሩ ልጅ ነው፤ በብርዱ ወራት የበጋዎቹን ሰዎች ጎጆ የሚጠብቀው እሱ ነው። ወለሉ ላይ ተጋድሞ ሲሠራ አርዲስ ከበላዩ ቆመች።

«ዶኒ፣ ኤፕሪል ላይ በዚህ በኩል አልፈህ ነበር?»

«ኤፕሪል ውስጥ መቼ?»

«ከአሥራ አንድ እስከ ሃያ ሁለት።»

«አሃ።» መፍቻውን አስቀመጠ። «የበረዶው ነገር ነው። እኔ እዚያ ማዶ ቧንቧ ፈንድቶ እዚያ ነበር የምውለው። አሥራ አምስት ላይ ሳልፍ ነጭ ነበር፣ ትዝ ይለኛል። ሃያ ላይ ሳልፍ ውሃ ነበር። ወይ አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ስምንት ገደማ ብለው ይጻፉት፣ ወይዘሮ ሃስኪንስ።»

«ገደማ የሚባል ቀን የለም።»

«ኧረ አውቃታለሁ እሷን። ዌንደል በሰው ፊት ነው ያለኝ።» ቂም የያዘ አይመስልም፤ ሳቀ። «እንግዲህ ገደማዋን ያውጧትና አሥራ ስምንት ይበሉ። ማን ያውቅብዎታል? ኤፕሪል ላይ እዚህ ያለነው እኔና ዳክዬዎቹ ነን። እኔ አልናገርም።»

«ዳክዬዎቹስ?»

«እነሱ የክበቡ አባል አይደሉም።»

ዶኒ ሲሄድ ደብተሩን አወጣች። እስከዚያች ቀን ገልጣው አታውቅም፤ ሲጽፍ ታየዋለች እንጂ የሱ ነገር ነው ብላ ትተወው ነበር። ዌንደል አንዱን ቀን እንዴት እንደሚጽፍ ልታይ ፈልጋ ነው የገለጠችው። ነፋስ ከደቡብ፣ ሁለት ዳክዬ። ደመና፣ ዳክዬ የለም። ጭጋግ፣ እስከ አራት ሰዓት ጠብቄ አረጋገጥኩ። በየገጹ የሱ ድምፅ ነበረ፤ ደረቅ፣ ጠንቃቃ፣ የሰውን ስህተት የማያልፍ።

1999 ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ኤፕሪል 24። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። ጥርት ያለ ቀን። ነፋስ የለም።

ደግማ አነበበችው። በዘጠና ዘጠኝ ኤፕሪል 20 ቀን ጡቷን ቀዶ ሕክምና አድርጋ ነበር፣ እዚያው ሆስፒታል። እስከ ሃያ ዘጠኝ አልወጣችም። ዌንደል ዘጠኝ ቀን ወንበር ላይ አደረ፤ ሸሚዙን እንኳ እዚያው መታጠቢያ ቤት እያጠበ ነበር የሚለብሰው። ኤፕሪል 24 ደግሞ አይረሳትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ የቀመሰችው ያን ቀን ጠዋት ነው። ሾርባ። ነርሷ እሰጣታለሁ ስትል ማንኪያውን ከእጇ ወስዶ «ቆዪ፣ እኔ» ያላት እሱ ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ።

ስለዚህ ወደብ ላይ አልነበረም። ያንን ቀን አላየውም።

አርዲስ መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። ሰውየው ዶኒን በሰው ፊት ያዋረደ፣ እሷን «ሦስት ሰዓት ገደማ እደርሳለሁ» ባለች ቁጥር ያረመ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የፈጠራ ቀን አንብቧል። ኦቲስ ጠይቆታል፣ እሱም መልሷል፣ ተስቋል። እሷም ፀጉሯ የረገፈ ራሷን በሻሽ አስራ ፊት ረድፍ ተቀምጣ አብራ ስቃለች። አንድም ቀን አላሰላችውም። ያኔ ቀን የምትቆጥረው ለሌላ ነገር ነበር።

«አሁን ብትኖር» አለች ወደ ወንበሩ፣ «ልክህን ነበር የምነግርህ።» ወንበሩ ላይ አሥራ አንድ ሳህን ነበር። ደከማትና ተኛች።

ሁለት ቀን ነገሩን ይዛ ዋለች። አሥራ ስምንት ብትል የሚጠይቃት የለም። ዌንደልም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ዝርዝሩ ሳይበጠስ ይቀጥላል፣ ሰሌዳው ይሞላል፣ ሰው ያጨበጭባል። አላውቅም ብትል ግን ዘጠና አንድ ዓመት ሙሉ ያልተበጠሰው በሷ ይበጠሳል፣ ያውም በመታሰቢያው ቀን። የዘጠና ዘጠኙንም ብትናገር ደግሞ የሱ ስም ነው የሚጠፋው። ቁራጭ ወረቀት ላይ «18» ብላ ጻፈችና የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ቢያንስ እጇ ላይ አንድ ነገር ይኑር ብላ።

እሑድ ሳህኖቹን በሁለት ካርቶን አድርጋ ሄደች። አዳራሹ እንደ ወትሮው የሌሊት ወፍና የጥድ እንጨት ይሸታል። ፒያኖው በብርዱ ወራት ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ተቃኝቷል፣ ሦስት ቁልፎች ግን አልዳኑም። ሰዎች ብድግ እያሉ አቀፏት። «ጠንክሪ» አሏት። «መልክሽ ጥሩ ነው» አሏት። አንዷ «አሁን እንቅልፍ ይወስድሻል?» ብላ ጠየቀቻትና መልሱን ሳትሰማ ሰላጣዋን ልታስቀምጥ ሄደች። ሰሌዳው በጠረጴዛ ልብስ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ቆሟል። ቀለም ቀቢው ቡሩሹን ይዞ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

ጆስሊን ጥቂት ተናገረች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ጨርቁን ገፈፈችው። ሰው አጨበጨበ። ሰሌዳው አምሮ ነበር። አርዲስ ሳትፈልግ ዓይኗ ወደ ዘጠና ዘጠኝ መስመር ሄደ። እዚያ ነው፣ በነጭ ቀለም፣ ከላይኛውና ከታችኛው በምንም የማይለይ።

«የሐይቁ ሪፖርት» አለች ጆስሊን። «አርዲስ።»

ቆመች። ደብተሩን ገለጠች፣ ምንም ባይጻፍበትም። ስልሳ የሚሆን ሰው ነው፤ ጥቂቱ ከወዲሁ ዓይኑ ከብዷል። ቀለም ቀቢው ቡሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ። ኪሷ ውስጥ ወረቀቷን ነካቻት። አሥራ ስምንት። አንድ ቃል ነው፣ ብላ ትቀመጣለች።

ያን ጊዜ ግን ትዝ ያላት ወደብ ላይ የቆመው ዌንደል አልነበረም። «ለቀቀ?» ያላት ነው። «ገና ነው» ስትለው የተመለከታት አስተያየት። የሚያምን ሰው አስተያየት አልነበረም። የሱ ዓይነት ሰው ቀን ይቆጥራል፤ ኤፕሪል አሥራ ዘጠኝ ላይ ገና ላይሆን እንደሚችል ያውቃል። ዝም ያለው አውቆ ነው።

«በረዶው ዘንድሮ የለቀቀው» አለች፣ «ከኤፕሪል አሥራ አምስት በኋላ፣ ከሃያ በፊት ነው። ቀኑን አላየሁትም። ሆስፒታል ነበርኩ። የክፍሉ መስኮት የሚያሳየው መኪና ማቆሚያ ነው።»

የተኙትም ነቁ፤ ሰው አዳራሽ ውስጥ የሚነቃው ድምፅ ሲቋረጥ ነው። ቀለም ቀቢው ጆስሊንን አየ፤ ከቡሩሹ ነጭ ቀለም ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ጆስሊን ፈገግታዋን የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት ቆመች።

ኦቲስ ብራይትማን እጁን አወጣ።

«ቀደመ ወይስ ዘገየ?» አለ።

አንድ ሰው «ኦቲስ፣ ዛሬ እንኳ» ሲል ተሰማ። አርዲስ ሽማግሌውን አየችው። ጆሮው ላይ የሰካት መሣሪያ ታፏጫለች፤ ያለችውን አንዱንም አልሰማም። ተራው ስለደረሰ ነው የጠየቀው።

«በሰዓቱ ነው የሄደው» አለችው። «የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ኦቲስ ብቻ ከት ብሎ ሳቀ፣ ጉልበቱን እየመታ፣ ልክ እንደ አሥራ ዘጠኙ ዓመት። መልሱን መስማት አያስፈልገውም፣ ያውቀዋል። ሳቁ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ይመስል ብቻውን ቆየ። አርዲስም ፈገግ አለች፣ ተቀመጠች፣ ዳኑብ ተጀመረ።

እራት ላይ ጆስሊን የባቄላ ሰላጣ የያዘ ሳህኗን ይዛ ጥግ ላይ አገኘቻት።

«ቀኑ አለ ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬሻለሁ። ዋሸሁሽ። ደክሞኝ ነበር።»

«እኔ አልተቀየምኩም» አለች ጆስሊን፣ ተቀይማ ነበር። «ሰሌዳውን ነው የማስበው። ዘጠና አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ መስመር የለበትም።»

አርዲስ ሰሌዳውን አየች። አፏ ድረስ መጣባት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ብትናገር ቢያንስ አንድ ሰው አብሯት ይሸከመዋል። ከጆስሊን ትከሻ በላይ ኦቲስ ጄሎ የሚባለውን ጣፋጭ በማንኪያ እያሳደደ ነበር፤ ማንኪያው ጫፍ ላይ ሲደርስ እየተንቀጠቀጠ ይወድቅበታል። ሰባት ዓመት ሚስቱን እንዲሁ አብልቷታል፣ ከመሞቷ በፊት።

ያንተን አንተ ታውቃለህ፣ ዌንደል፣ አለች በሆዷ።

«አሁን አለበት» አለቻት ለጆስሊን። «ባዶዋን ተዪያት።»

«ሰው ይጠይቃል።»

«ይጠይቅ። መልሱን ታውቂዋለሽ።»

ጆስሊን ተነፈሰች። «የኔ ሳህን አለ?» አለች። «ሰማያዊው፣ ክዳን ያለው።»

«ካርቶኑ ውስጥ ነው። ከላይ።»

ሰው ሁሉ ሳህኑን እየገለበጠ ስሙን እያየ ወሰደ። አንዳንዱ «ኧረ ይቆይ ነበር፣ ምን አስቸኮለሽ» እያለ ነው የሚወስደው። ፒያኖው ከሦስት ቁልፍ ውጪ ተጫወተ፣ የጥርስ ሐኪሙ ዘፈነ፣ ኦገስት ላይ ለሚታየው ድራማ አርዲስ እንደ ወትሮው ልብስ ትሰፋለች ወይ ተብላ ተጠየቀች፣ አዎ አለች። ይኸኛው አዎ እውነት ይሁን ውሸት ገና አልታወቃትም።

ቤት ስትገባ ፀሐይ አልጠለቀችም። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ የዌንደልን እርሳስ አነሳች። ጫፉን ራሱ በቢላ የቀረጸው ነው። ከሱ ጽሕፈት ሥር በራሷ ጽሕፈት ጻፈች፦ 2014። አልታየም። እሱ ነፋስና ዳክዬ የሚጽፍበት ቦታ ላይ ጥቂት አሰበች። ከዚያ «መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያ ነበር። ሦስት መኪና።» ብላ ጻፈች። ስንት እንደነበሩ በእርግጥ ታስታውሳለች፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስታያቸው ከርማለች። የዘጠና ዘጠኙን ገጽ አልነካችውም።

ካርቶኑ ውስጥ አንድ ሳህን ቀርታለች፣ ፕላስተሩ የተላጠባት። ማንም አልጠየቃትም፣ ማንም የኔ ናት አላለም። አርዲስ አውጥታ በፎጣ ወለወለቻትና መልሳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት።